ስለ ኮምፒውተር ፕሮሰሰር አመራረጥና ከተወሰነለት ፍጥነት በላይ ስለ ማስሮጥ

ፍጥነትን የማይወድ ሰው የለም። በቅሎ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ አካሄዷ ነው፤ አውቶሞቢል የሚገዛም ስለ ሞተሩ ጕልበት ይጠይቃል። ብልህ ገዢ ግን ከዚህ በኋላ ሁለተኛ ጥያቄ ይጨምራል፤ ይኸውም «የምትሄድልኝ በየትኛው መንገድ ላይ ነው?» የሚል ነው። በሜዳ የተመሰገነች በቅሎ የእንጦጦን ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ሊያጥራት ይችላልና። ዛሬ ለክቡራን አንባቢዎቻችን የምናቀርበው ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። በቤታችን ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ኮምፒውተር በዘገየ ጊዜ አሳቢውን ክፍል፥ ማለት ፕሮሰሰሩን፥ እንዴት መርጦ መለወጥ እንደሚገባ፤ ደግሞም ወጣቶች «ኦቨርክሎክ» የሚሉት፥ ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማስሮጥ፥ በእኛ አገር ከፍታና በእኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ምን ጥቅምና ምን ጕዳት እንዳለው እንናገራለን።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት ቃል እንበል። ብዙ ሰው ከጠረጴዛው ሥር የሚቆመውን ሣጥን በሙሉ «ሲፒዩ» እያለ ይጠራዋል። እውነተኛው ሲፒዩ፥ ወይም ፕሮሰሰር፥ በሣጥኑ ውስጥ ማዘርቦርድ በሚባለው ሰሌዳ ላይ የሚቀመጥ፥ ስፋቱ የክብሪት ቀፎ የሚያህል ትንሽ ነገር ነው። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1971 ኢንቴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለሽያጭ ባወጣው 4004 በተባለው ፕሮሰሰር ውስጥ 2,300 ትራንዚስተሮች ነበሩ። ዛሬ በአንድ ተራ የቤት ኮምፒውተር ፕሮሰሰር ውስጥ ያሉት ከ4 ቢልዮን በላይ ናቸው። እነዚህ ሁሉ የሚሠሩት እንደ ልብ ትርታ በሚመታ ምት ነው፤ ባለ 1 ጊጋኸርትዝ ማለት በአንድ ሴኮንድ አንድ ቢልዮን ጊዜ የሚመታ ማለት ነው። ደግሞም በአንዱ ፕሮሰሰር ውስጥ «ኮር» የሚባሉ ብዙ ሠራተኞች አሉ፤ ሥራው ለመከፋፈል የሚመች እንደ ሆነ አራት ሠራተኛ ካለበት ስድስት ያለበት ቶሎ ይጨርሳል። ሥራው የማይከፋፈል ከሆነ ግን የሠራተኛው መብዛት አይጠቅምም፤ አንድ ደብዳቤ ለስድስት ጸሓፊ ቢሰጥ ቶሎ እንደማያልቅ ማለት ነው።

ወደዚህ ጕዳይ ያስገባን የልጃችን ሥራ ነው። ቤታችን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት፥ ከባሕር ወለል 2,600 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። ሴት ልጃችን በከፍተኛ ትምህርት ቤት ለምታቀርበው የምርመራ ጽሑፍ የእንጦጦን ደን ትለካለች። አውሮጳውያን ከ2015 ጀምረው ወደ ሰማይ የላኳቸው «ሴንቲኔል 2» የሚባሉት ሳተላይቶች ምድርን እያነሡ ሥዕሉን ለሁሉ በነጻ ይሰጣሉ፤ በዚያ ሥዕል ላይ አንዷ ነጠብጣብ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሚሆነውን መሬት ታሳያለች። ልጃችን ለእያንዳንዷ ነጠብጣብ፥ ይህ ባሕር ዛፍ ነው፥ ይህ ጽድ ነው፥ ይህ ኮሶ ወይም ወይራ ነው እያለ ኮምፒውተሩ እንዲፈርድ ታደርጋለች። ነገሩ ቀላል ጨዋታ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ከተማችንን ከማገዶ ችግር ያዳነ ዛፍ ነው፤ ዛሬ ደግሞ በእርሱ ፈንታ የአገሩን ዛፍ ለመመለስ ይደከማል። የቱ ቦታ የማን እንደ ሆነ በትክክል ሳይታወቅ ግን የሚተከለውም የሚቈረጠውም በግምት ይሆናል።

ይህን ሁሉ የሚሠራው ኮምፒውተራችን በ2017 የወጣ «ራይዘን 3 1200» የተባለ፥ ኤኤምዲ የሚባለው ኩባንያ የሠራው ባለ አራት ኮር ፕሮሰሰር ነበረው። አንዱን ሥዕል ለመጨረስ 9 ሰዓት ይፈጅበታል። ልጃችን ማታ ጀምራ ትተኛለች፤ በሌሊት መብራት ሲጠፋ ሥራው ተቋርጦ ጧት እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል። አንድ ሳምንት በዚህ ዓይነት ካለፈ በኋላ በቤታችን ምክር ተደረገ።

ወንድ ልጃችን «አባባ፥ ሙሉ አዲስ ማሽን ይግዙልን» አለ። እኅቱ «ፕሮሰሰሩ ብቻ ቢለወጥ ይበቃል» አለች። የቤታችን እመቤት ግን የገንዘቡን ከረጢት የያዘች እርስዋ ስለ ሆነች፥ «በመጀመሪያ ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ መሆኑን በምን አወቃችሁ?» ብላ ጠየቀች። ከሁሉ የበለጠ ጥያቄ ይህ ነበረ።

ክቡራን አንባቢዎቻችን ይህን ጥያቄ ከሁሉ አስቀድመው እንዲጠይቁ እንለምናለን። ብዙ ኮምፒውተር የሚዘገየው ፕሮሰሰሩ ስለ ደከመ አይደለም። የሚሽከረከር አሮጌ ሃርድ ዲስክ ያለበት ማሽን፥ በእርሱ ፈንታ ኤስኤስዲ የሚባለው የማይሽከረከረው ማኅደር ቢገባለት፥ የደብዳቤና የሒሳብ ሥራ የሚሠራበት ሰው አዲስ ዕቃ የገዛ ይመስለዋል። ራሙ 4 ጊጋባይት ብቻ የሆነ ማሽንም ቢሆን ሌላ ራም ሲጨመርለት ከብዙ ድካም ያርፋል። ይህን ለማወቅ ጠቢብ መጥራት አያስፈልግም፤ ማሽኑ በሥራ ላይ ሳለ ዊንዶውስ «ታስክ ማኔጀር» በሚለው መስኮት ውስጥ ፕሮሰሰሩ፥ ራሙና ዲስኩ እያንዳንዳቸው በመቶ ስንት እንደ ደከሙ ይጽፋል። እኛም ስንመለከት ራሙ ግማሽ ያህል ባዶ ነበር፤ ዲስኩም ዐርፎ ተቀምጧል፤ ፕሮሰሰሩ ግን ሌሊቱን በሙሉ 100 ላይ ነበረ። ስለዚህ ፍርዱ በማስረጃ ተሰጠ።

ከዚህ በኋላ የምርጫው ነገር መጣ። ሙሉ አዲስ ማሽን እንገዛለን ብንል፥ ኤኤምዲ በ2022 «ኤኤም 5» የተባለውን አዲስ መቀመጫ ስላወጣ ማዘርቦርዱም፥ ዲዲአር 5 የተባለው ራምም አብረው መገዛት አለባቸው። የኢንቴልን ብንመርጥም ማዘርቦርዱን ከመለወጥ አናመልጥም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የውጭ ዕቃ ዋጋ እንዴት ከፍ እንዳለ ለአንባቢዎቻችን መንገር አያሻም። የእኛ ማዘርቦርድ ግን «ቢ 450» የተባለው ነው፤ መቀመጫውም «ኤኤም 4» ስለ ሆነ በ2017 የወጣውን ፕሮሰሰር አውጥቶ በ2022 የወጣውን ማስቀመጥ ይቻላል። አንድ መቀመጫ ይህን ያህል ዘመን ለብዙ ትውልድ ማገልገሉ ለቤተ ሰብ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ቤቱ ሳይፈርስ ምሰሶው ብቻ ይለወጣልና።

በዚህ መቀመጫ ላይ ከሚገቡት ውስጥ ሦስቱን አመዛዘንን። «ራይዘን 5 5600» ስድስት ኮር አለው፤ በአንድ ጊዜም የ12 ሠራተኛ መሥመር ይይዛል፤ ፍጥነቱ ከ3.5 እስከ 4.4 ጊጋኸርትዝ ይደርሳል። «ራይዘን 7 5700 ኤክስ» ስምንት ኮር አለው፤ ዋጋውም በዚያው መጠን ይጨምራል። «ራይዘን 7 5800 ኤክስ 3ዲ» የተባለው ደግሞ በላዩ ከተደረበለት ጋር 96 ሜጋባይት የሚሆን የቅርብ ማስታወሻ ያለው ነው፤ ይህ ለጨዋታ ወዳዶች እጅግ የተመሰገነ ቢሆንም ለልጃችን ሥራ ያን ያህል የሚጨምረው ነገር የለም። ስለዚህ የመጀመሪያውን መረጥን። ከአሮጌው ጋር ሲነጻጸር ኮሩ በአንድ ተኩል እጥፍ በልጧል፤ ከዚህም በላይ በእያንዳንዱ ምት የሚሠራው ሥራ ብዙ ነው። በጊጋኸርትዝ ቍጥር ብቻ የሚገዛ ሰው ይህን የመጨረሻውን ነገር አያይም፤ አንድ ገበሬ በአንድ እርምጃ ሁለት ትልም ቢያርስ እርምጃውን ብቻ መቍጠር ያሳስታል።

ገበያ ለሚወጣ ሰው ስለ ፊደሎቹ ማወቅ ያስፈልጋል። በኤኤምዲ ዘንድ በ5600 መጨረሻ ላይ «ጂ» የሚል ፊደል ከተጨመረ ሥዕል ወደ መስተዋቱ የሚልክ ክፍል አብሮት አለ ማለት ነው፤ «ጂ» ከሌለው ግን ለብቻው የሥዕል ካርድ ያስፈልጋል። በኢንቴል ዘንድ «ኤፍ» የሚለው ፊደል የሥዕሉ ክፍል እንደ ሌለው ያመለክታል፤ «ኬ» የሚለው ደግሞ ፍጥነቱን ከፍ ለማድረግ ቍልፉ የተከፈተ መሆኑን ያስታውቃል። ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው በኤኤም 4 ፕሮሰሰር ሆድ ላይ ያሉትን ቀጫጭን እግሮች በብርሃን ፊት አዙሮ ይመልከት፤ አንዱ እንኳ የተጣመመ ወይም የተሰበረ እንደ ሆነ ይተወው። ደግሞም ከመክፈሉ በፊት ማሽን ላይ አስገብቶ «ሲፒዩ ዜድ» በተባለው መርማሪ እውነተኛ ስሙን ያንብብ። በ1990ዎቹ ዓመታት በዓለም ገበያ የዝቅተኛውን ፕሮሰሰር ስም ፍቀው የከፍተኛውን እየጻፉ የሚሸጡ አታላዮች ተነሥተው ነበር፤ ፋብሪካዎቹ የፍጥነቱን ቍልፍ መዝጋት የጀመሩበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

አዲሱን ፕሮሰሰር ከማስቀመጣችን በፊት አንድ አስፈሪ ድልድይ ማለፍ ነበረብን። ማዘርቦርዱ ሲነቃ መጀመሪያ የሚያነበው «ባዮስ» የሚባል መመሪያ አለው፤ አሮጌው ባዮስ አዲሱን ፕሮሰሰር አያውቀውም። ስለዚህ አሮጌው ሳይወጣ አዲስ ባዮስ መጻፍ ያስፈልጋል። መጻፉ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል፤ ነገር ግን በእነዚያ ደቂቃዎች መብራት ቢጠፋ መመሪያው በግማሽ ተጽፎ ይቀርና ማዘርቦርዱ ዳግመኛ ላይነቃ ይችላል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላልና ዩፒኤስ የሚባለውን ባትሪ ያለበትን ዕቃ አስቀድመን ገዝተን፥ ባትሪውም ሞልቶ ካደረ በኋላ፥ በቀን ሥራውን ፈጸምን። ዩፒኤስ የሌለው ሰው ከጎረቤቱ ቢዋስ እንኳ የተሻለ ነው።

ፕሮሰሰሩ ገባ፤ በ9 ሰዓት ያልቅ የነበረው ሥራ በ3 ሰዓት አለቀ። በቤታችን ደስታ ሆነ። ወንድ ልጃችን ግን ደስታው ሳይበርድ «አባባ፥ ይህ ገና ግማሹ ነው፤ በኦቨርክሎክ ከዚህ በላይ ይሮጣል» አለን።

ይህ ልማድ ከየት እንደ መጣ መናገር ይገባል። በ1998 ኢንቴል «ሴለሮን 300 ኤ» የተባለ ርካሽ ፕሮሰሰር አወጣ። ፍጥነቱ 300 ሜጋኸርትዝ ሲሆን፥ የማዘርቦርዱን ምት ከ66 ወደ 100 በማድረግ ብቻ ብዙዎቹ 450 ሜጋኸርትዝ ይሮጡ ነበር። በድሀ ዋጋ የባለጠጋ ፍጥነት ማግኘት ማለት ይህ ነበረ፤ የዚያ ዝና እስከ ዛሬ በወጣቶች አፍ ላይ አለ። በዚያ ዘመን ፋብሪካው ብዙ ትርፍ ዐቅም ሳይነካ ትቶ ይሸጥ ስለ ነበር ነው። ዛሬ ግን ፕሮሰሰሩ ራሱ ሙቀቱንና ኃይሉን በየቅጽበቱ እየለካ፥ ቦታ ባገኘ ጊዜ ፍጥነቱን በራሱ ከፍ ያደርጋል፤ ይህን «ቦስት» ይሉታል። ስለዚህ ድሮ ለገዢው የቀረውን ትርፍ ዛሬ ፋብሪካው ራሱ ለቅሞታል። የሚቀረው ቃርሚያ ነው።

ለዚህ ቃርሚያ የሚከፈለው ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ በሒሳብ እናሳይ። ፍጥነት ሲጨምር ፕሮሰሰሩ እንዳይሳሳት ቮልቱም መጨመር አለበት። የሚፈጀው ኃይል ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር በእኩል፥ ከቮልቱ ጋር ግን ቮልቱ በራሱ ተባዝቶ ነው የሚያድገው። ፍጥነቱን 10 በመቶ፥ ቮልቱንም 10 በመቶ ብናሳድግ፥ 1.1 ጊዜ 1.1 ጊዜ 1.1 ማለት 1.33 ስለ ሆነ፥ ኃይሉ 33 በመቶ ያህል ይጨምራል። ያ ሁሉ ኃይል መጨረሻው ሙቀት ነው። ለ10 ትርፍ 33 የሚያስከፍል አበዳሪ ቢመጣ ከደጃችን እናባርረዋለን።

ሙቀቱን የሚወስደው በፕሮሰሰሩ ላይ የሚታሰረው ብረትና በእርሱ ላይ የሚነፍሰው ፋን ነው። የእንጦጦ ነገር የሚመጣው በዚህ ላይ ነው። በእኛ ሰፈር ባቄላ የሚቀቅል ሰው ከቈላ ይልቅ ብዙ ማገዶ እንደሚፈጅ ያውቃል። በባሕር ዳርቻ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሲሆን በእኛ ዳገት ላይ በ91 ያህል ይፈላል፤ ምክንያቱ አየሩ ስስ መሆኑ ነው። ይኸው ስስ አየር ፋኑንም ያደክመዋል። በ2,600 ሜትር ላይ ያለ አየር በባሕር ወለል ካለው 77 በመቶ ያህል ብቻ ይመዝናል፤ በእንጦጦ ራስ በ3,200 ሜትር ላይ 73 በመቶ ያህል ይሆናል። ፋኑ በእኩል ፍጥነት ቢዞርም የሚገፋው አየር ክብደት ስለሚያንስ ተሸክሞ የሚሄደው ሙቀትም ያንሳል። በዚያው ራስ ላይ ባለ 1 ሜትር መስተዋት ሁለት የከዋክብት መመልከቻዎች ተተክለዋል፤ በታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር የተወነጨፈችው የመጀመሪያይቱ ሳተላይታችንም የምድር ጣቢያዋ በእንጦጦ ነው። ለኮከብ ተመልካች የጠቀመው ስስና ንጹሕ አየር ለኮምፒውተር ፋን አይጠቅመውም። እርግጥ ነው፥ ሌሊቱ ብርድ ስለ ሆነ ከጕዳቱ ከፊሉን ይክሳል፤ በሰኔና በሐምሌ ማሽኑ ደስ ብሎት ይሠራል። በየካቲትና በመጋቢት ቀትር ግን ፀሓይ በቆርቆሮው ላይ ስትወድቅ ካሣው ይቀራል። በውጭ አገር በባሕር አጠገብ ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው «ይህን ያህል ቮልት ስጡት፥ ይበርዳል» ቢል፥ ለእርሱ ቤት እውነት ነው፤ ለእንጦጦ ግን አልተጻፈም።

ይህን ሁሉ ለልጃችን ብንነግረውም ወጣት በቃል ብቻ አይረታምና ሙከራ እንዲያደርግ ፈቀድንለት። እርሱም ትልቅ ማቀዝቀዣ አስሮ ስድስቱንም ኮር 4.6 ጊጋኸርትዝ ላይ አቆመ፤ ቮልቱንም 1.35 አደረገ። በፋብሪካው ልክ በ3 ሰዓት የሚያልቀው ሥራ በ2 ሰዓት ከ50 ደቂቃ አለቀ። ሙቀቱ ግን ከ68 ዲግሪ ወደ 86 ወጣ፤ ፋብሪካው ለዚህ ፕሮሰሰር የወሰነው ወሰን 90 ነው። ልጃችን «አዩ፥ አልቆመም» ብሎ ተደሰተ።

እኅቱ ግን ሌላ ፈተና አዘጋጀች። ያንኑ አንድ ሥዕል በፋብሪካው ልክ ሦስት ጊዜ አሠራችና ውጤቱን ቍጥር በቍጥር አስተያየች፤ ሦስቱም አንድ ሆኑ። በተገፋው ፍጥነት ሦስት ጊዜ ስታሠራ ሁለቱ አንድ ሲሆኑ ሦስተኛው ተለየ። በሥዕሉ አንድ ጠርዝ ላይ ጽድ የነበሩ ነጠብጣቦች ባሕር ዛፍ ተብለው ተጽፈው ተገኙ። ማሽኑ አልቆመም፤ አልጮኸም፤ መስተዋቱ ሰማያዊ አልሆነም፤ ዝም ብሎ ዋሸ። ልጃችን ወረቀቱን ይዛ መጥታ «ወንድሜ ያተረፈልኝ ዐሥር ደቂቃ ነው፤ ያጠፋብኝ ግን እምነቴን ነው፤ ከእንግዲህ የትኛው ሥዕል እውነት እንደ ሆነ በምን አውቃለሁ?» ብላ ስትናገር ወንድሟ መልስ አልነበረውም። በዚያው ማታ ሁሉንም ወደ ፋብሪካው ልክ መለሰው።

ይህ ነገር ለባለ ሥልጣናትና ለባለ ርስቶች ይበልጥ የሚያሳስብ ይመስለናል። የሚቆም ማሽን ጕዳቱ ይታያል፤ የሚዋሽ ማሽን ግን የመሬት ልክ፥ የደመወዝ መዝገብ፥ የውርስ ሒሳብ እያበላሸ ማንም ሳያውቀው ዓመት ሊቀመጥ ይችላል። ለጨዋታ የተቀመጠ ማሽን ቢሳሳት አንድ ጥይት ይስታል። ሰው የሚተማመንበት መዝገብ የተጻፈበት ማሽን ሲሳሳት ግን የሰው መብት ይስታል።

ቮልት ማብዛት የሚያመጣውን ጕዳት ዓለም በቅርብ ጊዜ አይቶታል። የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ የጠረጴዛ ፕሮሰሰሮች ብዙዎቹ ያለ ምክንያት ይቋረጡ ጀመር። በ2024 ኩባንያው መርምሮ፥ ፕሮሰሰሩ ከሚገባው በላይ ቮልት ይጠይቅ እንደ ነበር ገለጠ፤ ማረሚያውንም በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር አወጣ፤ የዋስትናውን ዘመን ደግሞ በሁለት ዓመት አራዘመ። ማረሚያው የወደፊቱን ያድናል እንጂ ቀድሞ የተጐዳውን አይመልስም። ፋብሪካው ራሱ በሠራው ዕቃ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ፥ በየቤቱ በግምት ቮልት የሚጨምር ሰው ምን ሊደርስበት እንደሚችል መገመት ቀላል ነው። ኤኤምዲም ቢሆን በኦቨርክሎክ ምክንያት የመጣ ጕዳት በዋስትና እንደማይሸፈን አስታውቋል። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፥ ሲይዙት ያደናግር ማለት እንዲህ ነው።

እንግዲህ ለወጣቶቻችን የሚቀር ጥበብ የለምን? አለ፤ መንገዱ ግን ወደ ታች ነው። ፍጥነቱን ሳይነኩ ቮልቱን በጥቂት በጥቂቱ መቀነስ ይቻላል። በራይዘን 5000 ትውልድ «ከርቭ ኦፕቲማይዘር» በሚባለው የባዮስ ክፍል ውስጥ ቍጥሩን ወደ ታች አንድ እርምጃ፥ ከዚያም ሌላ እርምጃ እያወረዱ፥ በየእርምጃው ማሽኑን ሌሊቱን በከባድ ሥራ ፈትኖ ውጤቱን ማስተያየት ነው። እጅግ ቢወርድም ስሕተት ያመጣልና በፈተናው ስሕተት የተገኘበትን ትቶ ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ላይ መመለስ ይገባል። ወንድ ልጃችን ይህን ሥራ በትዕግሥት ፈጸመው። ሥራው በዚያው በ3 ሰዓት ያልቃል፤ ሙቀቱ ግን ከ68 ወደ 61 ዲግሪ ወረደ፤ የፋኑም ጩኸት ቀነሰ። ዐሥር ጊዜ የተደጋገመው ሥዕልም ዐሥር ጊዜ አንድ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህም በላይ ብዙ ጊዜ ያተረፈችልን የሴት ልጃችን ብልሃት ናት። ሥዕሉን በዐሥራ ሁለት ክፍል ከፈለችው፤ አንዱ ክፍል ባለቀ ቍጥር ውጤቱ ወደ ማኅደር ይገባል። አሁን መብራት ቢጠፋ የሚጠፋው የሩብ ሰዓት ሥራ ነው እንጂ የሌሊቱ ድካም አይደለም። ዩፒኤሱም ማሽኑን በደንብ ለማጥፋት የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ ይሰጣል። ኦቨርክሎክ ዐሥር ደቂቃ ሲያተርፍ፥ ሥራን ማከፋፈል ሙሉ ሌሊት አተረፈ።

ስለ ቤት አያያዝም እመቤቶች የሚያውቁትን እንጨምር። ማሽኑ ቡና በሚፈላበት ማእዘን አይቀመጥ፤ የከሰሉ ዐመድና የዕጣኑ ጢስ በማቀዝቀዣው ብረት መካከል ገብቶ ይጋገራል። በበጋ አቧራ ስለሚበዛ ሣጥኑ ከወለሉ ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ከመስቀል በፊትና ከፋሲካ በኋላ፥ በዓመት ሁለት ጊዜ፥ ኤሌክትሪኩ ተነቅሎ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ፔስት ሲደርቅም ይታደስ፤ የአንዲት አተር ያህል ይበቃል። በዚህ ትንሽ ትጋት የሚገኘው ቅዝቃዜ ብዙ ጊዜ አዲስ ፋን ከመግዛት ይበልጣል።

ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነው። እንጦጦ ለምሽግነት የተመረጠ ከፍተኛ ስፍራ ነበረ፤ ነገር ግን ብርዱ ስለ ከፋና ማገዶው ስለ አነሰ፥ እቴጌ ጣይቱም የፍል ውሃውን አካባቢ ስለ ወደዱ፥ አዲስ አበባ ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ በታች ተቈረቈረች። ከፍ ያለውን ስፍራ ትቶ ለኑሮ ወደሚስማማው መውረድ ውርደት አልነበረም፤ ከዚያ መውረድ ዋና ከተማችን ተገኘች። ስለ ኮምፒውተርም የምንለው ይህንኑ ነው። ከፍተኛው ቍጥር ሁልጊዜ የሚበጀው ቍጥር አይደለም።

ስለዚህ ምክራችን በአጭሩ ይህ ነው። አስቀድሞ የሚዘገየው ክፍል የቱ እንደ ሆነ ይመርመር። ቀጥሎ ማዘርቦርዱ የሚቀበለው ከፍተኛ ትውልድ ይጠየቅ፤ መካከለኛው ይመረጥ። ከፕሮሰሰሩ ቀድሞ ዩፒኤስና መልካም ማቀዝቀዣ ይገዙ። ለጨዋታ ብቻ የተለየ ማሽን ያለው ወጣት እንደ ወደደ ያስሩጠው፤ የቤተ ሰብ መዝገብና የልጆች ትምህርት ያለበት ማሽን ግን በፋብሪካው ልክ፥ ቢቻልም በቀነሰ ቮልት ይሥራ። የልጃችን የእንጦጦ ካርታ ዛሬ ተጠናቆ ለመምህራኖቿ ቀርቧል፤ ጽዱ ጽድ፥ ባሕር ዛፉም ባሕር ዛፍ ተብሎ ተጽፎበታል።